«ሥርዓተ ቅይይር» «ቡድን» የተባለ ጊዜ

ዐሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ሊገባደድ ዐሥር ዓመት ያህል ሲቀረው፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ወንዝ ለሁለት በሚከፍላት በአንዲት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ውስጥ አንድ አዋጅ ተለጠፈ። አዋጁ አጭር ነበር፤ እስከዚያ ዘመን ድረስ የጎረቤቱ ታላቅ መንግሥት ቋንቋ ብቻ ይነገርባቸው በነበሩት የትምህርት አዳራሾች ከእንግዲህ ወዲህ ማናቸውም ጥበብና ሳይንስ በአገሬው ቋንቋ ይሰጥ ዘንድ ያዝዛል። ተማሪዎች ባርኔጣቸውን ወደ ላይ እየወረወሩ ከድልድይ ወደ ድልድይ ዘመሩ፤ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ተቃቀፉ፤ የጋሪ ነጂዎች ሳይቀሩ ፈረሶቻቸውን አቁመው ጽሑፉን የሚያነብላቸው ሰው ፈለጉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ የነበሩት አረጋዊ ፕሮፌሰር ወደ ቤታቸው ገብተው ካፖርታቸውን ለታናሽ እኅታቸው እያቀበሉ፣ «ደስ ይበላችሁ፤ ነፃ ወጥተናል» አሉ፤ ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላም «ከነገ ጀምሮ ግን አፍ የለንም» ሲሉ ጨመሩበት።

«አፍስ አለዎት» አለች እኅታቸው፤ «ምሳ ነው ያልበሉበት።»

በመስኮቱ አጠገብ የተማሪዎቿን ደብተር ታርም የነበረችው ልጃቸው ሣቀች፤ የአባቷን ነገር ግን በሚገባ ተረድታዋለች። አባቷ ዕድሜያቸውን የሰጡለት የሒሳብ ዘርፍ በአገሬው ቋንቋ አንድም ቃል አልነበረውም፤ ያለው በዚህ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ በጨዋታ መልክ የበቀለው ብቻ ነው፤ ያንን ጨዋታ ደግሞ ከእሷ ይልቅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ይህች ሴት በቤተሰቡ ዘንድ የምትጠራው በስሟ ሳይሆን «ዳኛ» በሚለው ቅጽል ነበር። ቅጽሉ የወጣላት ገና በልጅነቷ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ የአባቷ ጥላ ሆና በምትውልበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ አባቷ አንድ የሚወዱት ተማሪ ነበራቸው፤ ሲናገር ቃሉ ቃሉን ስለሚረግጥበት ጓደኞቹ «ችኩሉ» ይሉታል፤ ወላጅ ስላልነበረው ምሳውን የሚበላው፣ ሸሚዙም የሚሰፋለት በእነሱ ቤት ነበር። ሊቁና ተማሪው ከምግብ በኋላ ሲከራከሩ ፍርዱን ለልጅቱ ይተዉላት ነበር፤ «ሁለታችንም እናስረዳት፤ የማን እንደገባት እሷ ትፍረድ» ይባባላሉ።

አንድ እሑድ ሊቁ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ትሪ አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉ፤ ቁመቱ ከወርዱ የረዘመ ነበር። «ይኸውልሽ ዳኛዬ፤ ይህን ትሪ አንሥቼ የያዘውን ቦታ ሳላስለቅቅ መልሼ ላስቀምጠው ብል፣ በቁመቱ መገልበጥ እችላለሁ፤ በወርዱ መገልበጥም እችላለሁ፤ ሳልገለብጥ ግማሽ ዙር ማዞርም እችላለሁ። ሁለቱን ካስከተልሁ ሦስተኛው ይወጣል፤ ሞክሪው።» ልጅቱ ሞከረችው፤ እውነት ሆነ። «አሁን አንዱን ሁለት ጊዜ ድገሚውና ምን እንዳደረግሽ ንገሪኝ።»

«ምንም አላደረግሁም፤ እንደነበረ ሆነ።»

«እሱም ከሥራ ይቆጠራል! ስሙ ‹ባለበት› ነው። ‹ባለበት› የሌለበት ሒሳብ ቤት የሌለው ሰው ማለት ነው።»

አክስቷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና፣ «ዕቃ ሳይነኩ ሠራሁ የሚል ሰው እናንተ ቤት ብቻ ነው ያየሁት» አለች።

ሊቁ እነዚህን እርስ በርሳቸው የሚገጣጠሙ ለውጦች በአንድነት «ሥርዓተ ቅይይር» ይሏቸው ነበር፤ የትሪው ማዕዘኖች ቦታ ስለሚቀያየሩ ነው። ሲጽፏቸውም የማዕዘኖቹን ፊደላት በሁለት መስመር፣ ከለውጡ በፊት የነበሩትን ከላይ፣ ከለውጡ በኋላ የሆኑትን ከታች ደርድረው በቅንፍ ያጥሯቸዋል፤ አጻጻፋቸው እንደ ጥልፍ ያማረ ነበር። ችኩሉ ግን በዚያ እሑድ ብድግ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደና ሁለቱን የእንጨት መዝጊያዎች ያንኳኳ ጀመር። «ግራውን መለወጥ፤ ክፍት ከሆነ መዝጋት፣ ዝግ ከሆነ መክፈት፤ ቀኙንም እንደዚሁ፤ ሁለቱንም፤ ምንም። ግራውን ለውጬ ቀኙን ባስከትል ሁለቱን እንደ መለወጥ ነው። ይህ የትሪው ነገር ራሱ አይደለም እንዴ? መምህሬ፣ ትሪውና መስኮቱ አንድ ናቸው!»

«ከመቼ ወዲህ ነው በመስኮት ሻይ የሚቀርበው?» አሉ ሊቁ።

ልጅቱ ሣቋ ገንፍሎ፣ «አባባ ረትተዋል!» ብላ ፈረደች፤ ችኩሉም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይግባኝ ጠየቀ። እንዲህ ያሉ እሑዶች ብዙ ነበሩ። ዳኛ ካደገች በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲው ሴት ተማሪ ስለማይመዘገብ ከአዳራሹ ኋላ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ባዳመጠችባቸው ዓመታት፣ በኋላም በሴቶች ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ስትሆን፣ ከየትኛውም ትምህርት ይልቅ የምትናፍቀው ያን ጠረጴዛ፣ በመዝጊያዎቹ መካከል የሚገባውን የከሰዓት ፀሐይ፣ የሁለቱን ሰዎች ጩኸት ነበር።

አዋጁ በወጣ በዓመቱ የትምህርት ሚኒስቴር የሳይንስ ቃላትን የሚያወጣ ጉባኤ አቋቋመ፤ ለሒሳቡ ክፍል ሊቁ ሰብሳቢ ሆኑ። ችኩሉም በውጭ አገር ዓመታት ተምሮ፣ ጢም አውጥቶ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው መነጽር አድርጎ ተመልሶ ነበርና አባል ተደረገ። ሊቁ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄደው ሻንጣውን ራሳቸው ካልተሸከምሁ ብለው ተሟግተዋል።

ጉባኤው ለክብ፣ ለሥር፣ ለእኩልታ ያለ ጠብ ቃል አወጣ። ነገሩ የከረረው ወደ ሊቁ ዘርፍ ሲደርስ ነው። ዳኛ በዚያ ቀን የአባቷን ወረቀቶች ይዛ ከግድግዳው አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«‹ሥርዓተ ቅይይር› የሚለው ይጽደቅ» አሉ ሊቁ፤ «ሃያ ዓመት በቤቴ አስተምሬበታለሁ።»

ችኩሉ ተነሣ፤ እንደ ድሮው ቃሉ ቃሉን እየረገጠበት፣ «መምህሬ ይፍቀዱልኝ» አለ፤ «የሚቀያየረው ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ከእነአካቴውም ባይኖር፣ ዋናው ለውጦቹ እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ሕግ ነው። በውጭ አገር ሊቃውንቱ በየቋንቋቸው ‹ቡድን› ማለት በሆነ ቃል ይጠሩታል፤ አጭር ነው፤ ለሁሉም ይሆናል። እያንዳንዱንም ለውጥ በአንድ ፊደል ጽፈን ፊደላቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃናል፤ ያ ሁለት መስመር ቅንፍ አያስፈልግም።»

«ምን እንደሚቀያየር የማያውቅ ሰው ምን ያውቃል?»

«ሁሉንም ያውቃላ! መምህሬ፣ ትሪውን ይልቀቁት እንጂ። ዓለም ትሪውን ከለቀቀ ቆየ።»

አዳራሹ ሣቀ። ሣቁ ክፋት አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ሁሉ አጋጣሚ ሲያገኝ እንደሚሥቀው ያለ ነበር። ነገር ግን የትሪው ነገር የቤት ነገር ነበር፤ ችኩሉ ከአንድ ማዕድ የተካፈለውን ምሥጢር አደባባይ አውጥቶ መሣቂያ አደረገው። ሊቁ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ «ጉባኤው ይቀጥል» ብለው ወጡ። ችኩሉ «መምህሬ!» ብሎ እስከ ደረጃው ተከተላቸው፤ ዞረው አላዩትም። ዳኛ ወረቀቶቹን ሰብስባ ስትወጣ በአጠገቡ አለፈች፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ እሷም አባቷን ተከትላ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ ሊቁ ወደ ጉባኤው አልተመለሱም፤ ችኩሉም ያን ደጃፍ አልረገጠም። በየበዓሉ ስጦታ ይልካል፤ ስጦታው ሳይፈታ ይመለሳል። ሊቁ በራቸውን ዘግተው ታላቁን የመማሪያ መጽሐፍ በራሳቸው ቃላት ይጽፉ ጀመር፤ ጉባኤው በበኩሉ እሳቸው በሌሉበት «ቡድን» የሚለውን ቃል አጸደቀ። ሊቁ ይህን ከጋዜጣ ላይ ሲያነቡ ጋዜጣውን በቀስታ አጥፈው፣ «ስም ካወጡለት ማሳደጉም የእነሱ ነው» ብለው ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ።

ከዓመታት በኋላ፣ መጽሐፉ ሊያልቅ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ በቀረበት የጸደይ ወራት፣ ሊቁ ከጽሕፈት ጠረጴዛቸው ሲነሡ ወደቁ። በሕይወት ተረፉ፤ ቀኝ ጎናቸው ግን ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ከአንድ ቃል በቀር ሁሉን አጣ። የቀረችላቸው ቃል «አይደለም» የምትል ነበረች። ሐኪሙ፣ ይሰማሉ፣ ያስባሉ፤ የሚሉት ግን ከሚያስቡት ጋር አይገናኝም፣ ብሎ አስረዳ። አክስቷ ውሃ ይዛ «ይጠጣሉ?» ስትላቸው «አይደለም» ብለው እጃቸውን ለብርጭቆው ይዘረጋሉ፤ ልጃቸው ግንባራቸውን ስትስማቸው በዓይናቸው እየሣቁ «አይደለም፣ አይደለም» ይላሉ። አክስቷ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ «ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲከራከሩ ኖረው የቀረችላቸው ይህች ናት» አለች።

በበጋው መጀመሪያ የሚኒስቴሩ ጸሐፊ ወደ ቤቱ መጣ። ትሑት ሰው ነበር፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «እመቤቴ፣ አገሩ ይህን መጽሐፍ እየጠበቀ ነው፤ በዘርፉ ሌላ መጽሐፍ የለንም» አላት። «ነገር ግን በጉባኤው ቃላት ካልሆነ ለትምህርት ቤቶች ማተም አንችልም። ሕጉ ነው። አባትዎ መፍቀድ ካልቻሉ እርስዎ ይወስኑ፤ ማተሚያ ቤቱ ከመከር በፊት ሥራ መጀመር አለበት።»

እሱ ሲወጣ ዳኛ ከአባቷ ወንበር ሥር ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ ‹ቡድን› እንዲባል ይፈቅዳሉ?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው እንዳለ፣ በእርስዎ ቃል ይቆይ?»

«አይደለም» አሉ፤ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ዓይን። ከመስኮቱ ውጭ ያለውን የዛፍ ቅርንጫፍ ተመለከቱ። ከእሳቸው ፈቃድም ሆነ ክልከላ እንደማታገኝ ያን ጊዜ ገባት።

ብትጠላውም እንኳ ልታማክረው የምትችለው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። ላከችበት።

ችኩሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ጢሙ ሸብቶ፣ እንደ እንግዳ ደጃፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክር ነበር። አክስቷ በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ «ግባ እንጂ፤ መንገዱ ጠፋብህ ወይስ አንተ ራስህ ጠፍተህ ነው የከረምኸው?» አለችው፤ ወዲያው ደግሞ የኮቱን የላላ ቁልፍ አይታ፣ «ይህን ያየ ሰው የለህም?» ብላ ኮቱን ወሰደችበት።

ሊቁ ሲያዩት ሰውነታቸው ተናወጠ። «አይደለም! አይደለም!» አሉ፤ ዕንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ በደህናው በግራ እጃቸውም የሸሚዙን እጅጌ ይዘው ወደ ራሳቸው ጎተቱት። ችኩሉ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሊቁም እጅጌውን አልለቀቁም። ከዚያ በኋላ የተነገረው ሁሉ የተነገረው በዚህ ሁኔታ፣ ችኩሉ ከወንበሩ ሥር ተቀምጦ፣ እጅጌው በመምህሩ ጭብጥ ውስጥ እንዳለ ነው።

«መጽሐፉን እንዳትነኪው» አላት ችኩሉ፣ ዳኛ የሚኒስቴሩን ጥያቄ እንደነገረችው። «ሚኒስቴሩን እኔ እሞግታለሁ። ጉባኤውም ውሳኔውን ያንሣ፤ ‹ቡድን› ይቅር። እንዲያ ያልሁበትን ምላስ ቆርጬ ብጥለው እወድድ ነበር።»

«ጋሼ፣ በዚያ ቀን ነውር ሠርተሃል» አለች ዳኛ። «የሠራኸው ነውር ግን ያልኸውን ነገር ስሕተት አያደርገውም። ስማኝ፤ በእኔ ትምህርት ቤት ልጃገረዶቹን በአባባ ቃል ነው ያስተማርኋቸው። ትሪውን ሳሳያቸው ይረዱኛል። ቀጥዬ ሰዓት አሳየኋቸው፤ ዐሥር ሰዓት ላይ አምስት ሰዓት ብንጨምር ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ ዐሥራ ሁለት ብንጨምር ባለበት ይቀራል፤ ይህም ሥርዓተ ቅይይር ነው አልኋቸው። ‹መምህርት፣ ምን ከምን ጋር ነው የተቀያየረው?› አሉኝ። አስረዳሁ፤ አሁንም ‹ምን ተቀያየረ?› አሉ። ከመካከላቸው ትጉህ የነበረችው ልጅ፣ እኔ ደደብ ነኝ ብላ አለቀሰች። ደደብ አልነበረችም፤ ቃሉ ነበር መንገድ የዘጋባት። ቃሉን እኔ እወድደዋለሁ፤ እናቴ በሞተችበት ዓመት ያጽናናኝ እሱ ነው። እነዚያ ልጆች ግን እናት አልሞተችባቸውም፤ ሒሳብ ሊማሩ ነው የመጡት።»

ችኩሉ አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው በእኔ እጅ አይሁን። እሳቸው ፊት፣ በራስሽ እጅ አርሚው።»

«አንተም አትሄድም» አለችው።

በጋውን ሙሉ እሑድ እሑድ በዚያ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ዳኛ አንዱን ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ በአባቷ ቃል፣ ቀጥሎ በአዲሱ ቃል ጮክ ብላ ታነብባለች፤ ከዚያ በቀይ ቀለም ትሰርዛለች። የመጀመሪያውን ስትሰርዝ ብዕሩን አጥብቃ ስለተጫነች ቀለሙ ፈስሶ ወረቀቱን አበላሸው። ሊቁ አንዳንዴ በእርጋታ፣ አንዳንዴ ወንበሩን እየመቱ «አይደለም» ይላሉ፤ አንዳንዴም ችኩሉና ዳኛ ጎን ለጎን ከተጻፉ ሁለት ፊደላት መጀመሪያ የሚፈጸመው ለውጥ የቀኙ ይሁን የግራው በሚለው ተጣልተው ሲጯጯሁ፣ ሊቁ በተጣመመ ከንፈራቸው ይሥቃሉ። አክስቷ፣ «ከሁለቱ አንዱን ምረጡና ምሳ ብሉ፤ የቀኝና የግራ ጠብ በጫማ ብቻ ይበቃል» ትላለች። ባለ ሁለት መስመሩን ቅንፍ ከአንድ ምዕራፍ በቀር ከሁሉም አወጡት፤ ያን ምዕራፍ ዳኛ አላስነካችም። «ባለበት» የሚለውንም ቃል አላስነካችም፤ እንዲያውም ችኩሉ ራሱ ነበር ጉባኤው ፊት ቆሞ፣ «ይህን የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይንካ» ያለው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሁለቱ ተጋግዘው ጻፉት። የከተማው ሰው በመስኮቱ ሥር እያለፈ ድምፃቸውን ሲሰማ ሠርግ ጠበቀ፤ ሠርግ ግን አልነበረም፤ ወንድምና እኅት ሆነው አደጉ፣ ወንድምና እኅት ሆነው አረጁ።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣው የመጀመሪያው ውርጭ በጣለበት ሳምንት ነው። ዳኛ በአባቷ ጉልበት ላይ አስቀምጣ ገለጠችላቸው። ሊቁ ስማቸውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ገጽ ገልጠው «ቡድን» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ሊቁ ቃሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ያችን አንዲት ቃላቸውን እንኳ አላሉም፤ ከዚያ ገጹን ገልጠው ማንበብ ቀጠሉ። ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ፣ በዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አረፉ፤ ችኩሉ አስከሬናቸውን እንደ በኩር ልጅ ከፊት ተሸከመ።

ዘመን ሄደ፤ መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ታተመ። በአራተኛው እትም፣ የየአገሩ ሊቃውንት ምልክቶቻቸውን አንድ ለማድረግ በተስማሙ ጊዜ፣ «ባለበት» ወጥቶ «አሃድ» ገባ፤ ችኩሉ ተሟግቶ ተረታ። ኋላም አንድ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊ ስለ ቃላቱ አመጣጥ ሲጽፍ፣ «ቡድን» የሚለውን ቃል ወደ አገሬው ቋንቋ ያስገባው ችኩሉ መሆኑን፣ ጉባኤውም በሙሉ ድምፅ እንዳጸደቀው መዘገበ፤ ስለ ሊቁ፣ «ቀድሞ ሥርዓተ ቅይይር የሚል የተተወ ቃል ይጠቀሙ ነበር» የሚል አንድ መስመር ጻፈ። ችኩሉ በሽምግልናው ይህን ሰው ቤቱ ድረስ ጠርቶ፣ ቃሉን ወደ ልጆች ጆሮ ያደረሰችው የሊቁ ልጅ ናት፣ ስሟን ጻፍ፣ ብሎ ለመነው፤ ጸሐፊው የሽማግሌ ትሕትና መስሎት ፈገግ ብሎ ተወው። በማኅደር የቀረው ድምፅ የተሰጠበት ቀን ነው፤ የዚያ በጋ እሑዶች በየትም አልተጻፉም፤ ጉባኤ አልነበሩምና ቃለ ጉባኤ አልተያዘላቸውም።

ዳኛ በዚህ አላዘነችም። ተማሪዎቿ «ቡድን» የሚለውን ቃል፣ ከዘላለም ጀምሮ የነበረ ይመስል፣ ሳያስቡት ሲናገሩት ትሰማ ነበር፤ የምትፈልገውም እንዲሁ ነበር፤ ለአንድ ቃል ከዚህ የበለጠ ክብር የለም ትል ነበር። ከሁሉ ይልቅ የምትታወቀው በጥብቅ አራሚነቷ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አታሳልፍም። ነገር ግን አልፎ አልፎ፣ ከእናቷ መደርደሪያ ባገኘችው አሮጌ የትምህርት ቤት ደብተር የተማረች አንዲት ልጅ በፈተናው ላይ «ሥርዓተ ቅይይር» ብላ ስትጽፍላት፣ ቀዩን ብዕር አንሥታ ጥቂት ከቆየች በኋላ፣ ሳትሰርዘው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፍ ነበር።